ቅልቅል



ይህን ዓምድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ከወላጆች ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ከሚነሡት ቀጥሎ የሚበዛው ስለ ልጆች ጆሮ ነው። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውለው ምንድን ነው? እሱስ ዘፈን ይባላል?» ይሉኛል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ጠያቂው መልሱን ይዞ ነው የመጣው፤ ከእኔ የሚፈልገው ማኅተም ብቻ ነው። ልጆቹም በበኩላቸው «እነሱ ምን ያውቃሉ» ብለው ፈርደውብናል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ችሎት ተቀምጧል፤ ሁለቱም ይግባኝ አይቀበሉም።

እኔ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የለመድኩት ነገር አለ። ሕመምተኛው «አመመኝ» ሲል የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ ብዬ ሳልጠይቅ ካርዱ ላይ አልጽፍም። «ይሄ ጫጫታ ነው» የሚለውንም አቤቱታ በዚያው መንገድ ልመርምረው አልኩ። አንድ አልበም ያዝኩ፤ በተለያየ ቀን ለስምንት ሰዎች አሰማሁ፤ ዕድሜያቸውን፣ ያሉትንና ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳሉት በደብተር መዘገብኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚያ ደብተር ነው።

አልበሙን ያመጣልኝ ብራስልስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ለበዓል ሲመጣ ሲዲውን ከነሽፋኑ ሰጠኝና «እቴቴ፣ ይሄን ወይ በጣም ትወጂዋለሽ፣ ወይ በአምስት ደቂቃ ትዘጊዋለሽ» አለኝ። የሁለት ወንድማማቾች ሥራ ነው። ዴቪድና ስቴፈን ደዋሌ ይባላሉ፤ የቤልጅየሟ የጌንት ከተማ ልጆች ናቸው፤ አባታቸውም በአገሩ የታወቀ የሬዲዮ አቅራቢ ነበር። ሶልዋክስ የሚባል ባንድ አላቸው፤ ዲጄ ሆነው ሲሠሩ ግን «ቱ ሜኒ ዲጄስ» በሚል ስም ይጠራሉ፤ «ዲጄ በዛ» እንደ ማለት ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሬዲዮ ሶልዋክስ እንደተሰማው፣ ክፍል 2» ይሆናል።

ዘፈኖቹ የሌሎች ሰዎች ናቸው። የወንድማማቾቹ ሥራ ማገናኘቱ ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ዘፈኖች ቁርጥራጭ አለ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይቋረጥ ተያይዟል፤ ብዙ ቦታ ላይም አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። የሶልት ኤን ፔፓ ሴቶች ራፕ፣ ዘ ስቱጅስ የተባለው የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ሻካራ ጊታር ላይ ይሄዳል። የዴስቲኒስ ቻይልድ ድምፅ በእንግሊዞቹ በቴን ሲሲ የ1978 ሙዚቃ ላይ ይቀመጣል። የአሜሪካዋ ዶሊ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1980 የዘፈነችው «ናይን ቱ ፋይቭ» ሮይክሶፕ ከተባሉት የኖርዌይ ልጆች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ይገጥማል። ከእነዚህ ዝነኞች ጎን ደግሞ ከጭፈራ ቤት ውጭ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሥራዎች አሉ። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ቦታ ለቡና ሰዓት የማይሆን ቃል አለበት፤ እነዚያን ዘልዬ ነው ያሰማሁት። እናንተም ልጆች ባሉበት ከመክፈታችሁ በፊት ብቻችሁን ስሙት።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በቅልቅል ነው። ከሠርግ በኋላ የሚደረገውን ቅልቅል አስቡት። የወንድ ወገን በአንድ በኩል፣ የሴት ወገን በሌላ በኩል ተቀምጠው በሩቅ ይተያያሉ። ምግቡም መጠጡም አለ፣ ጨዋታ ግን የለም። ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው መሀል ገብቶ «እርስዎ እኮ ከእሳቸው ጋር የአንድ አገር ልጅ ነዎት» ሲል ነው ቤቱ የሚሞቀው። የዲጄ ሥራ ይኸው ነው። ሁለቱን ቤት ማወቅ አለበት፤ ያላወቀ ቢያገናኝ ግን ጠብ ነው የሚያመጣው።

ወደ ደብተሬ ልግባ። የመጀመሪያው ባለቤቴ ነው፤ 71 ዓመቱ፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ገና ስቀምሰው ሳህኑን ያነሣብኛል» አለ። ይህ ተራ ማጉረምረም አይደለም። ከ40 በላይ ዘፈን በአንድ ሰዓት ሲከፈል ለአንዱ በአማካይ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ባለቤቴ ያደገው አንድ ትዝታ አሥር ደቂቃ ሲዘፈን ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው፤ ዘፈን ለእሱ የሚቆዩበት ቤት ነው። ይህ አልበም ግን መንገድ ነው። መንገድ ላይ ወንበር የጠየቀ ሰው መናደዱ አይቀርም።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ 34 ዓመቷ፣ ባንክ ትሠራለች። እሷ ምንም ሳትል ተነሥታ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሲያልቅ «ድገሚው» አለችኝ። «ቁጭ ብዬ አልሰማውም፣ ሥራ ግን ያቀላል» የሚል ነው ቃሏ። እናትና አባት፣ ሥራ እየሠሩ የሚሰማና ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ሙዚቃ የተለያዩ መሆናቸውን ካወቃችሁ የጥሉ ግማሽ አለቀ።

ሦስተኛዋ ቤት የምታግዘን ልጅ ናት፤ 20 ዓመቷ፣ ከደብረ ታቦር በኩል የመጣች፣ ሠርግ ላይ በድምፅ የታወቀች። እንግሊዝኛውን አታውቅም፤ ለማወቅም አልጓጓችም። ዝም ብላ ሰምታ «እኛ አገር አንዷ ስታወጣ ሌላው ይቀበላል፤ እዚህ ሁለቱም ያወጣሉ። ማን ነው የሚቀበለው?» አለችኝ። ከስምንቱ አስተያየት ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ትንሽ ቆይታ ራሷ መለሰችው፦ «ለካ ተቀባዩ ከበሮው ነው።» ልክ ናት። ድምፆቹ ሲቀያየሩ ሥር ያለው ምት አይለቅም፤ ሁሉንም የሚቀበለው እሱ ነው።

አራተኛው ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ የሚያጫውት የ26 ዓመት ዲጄ ነው። እሱ እንደ ሌሎቹ አልሰማም። ዓይኑን ጨፍኖ ስፌቱን ነበር የሚፈልገው፤ ልብስ ሰፊ የሌላ ሰው ኮት እንደሚያገላብጥ። «ሁለት ቦታ አገኘሁት፤ ሌላው አልታየኝም» አለ። ሥራውንም አስረዳኝ። ሸክላ በሚጫወትበት ዘመን ዲጄዎቹ የሚወዱት ቴክኒክስ የሚባለው ማጫወቻ የሸክላውን ፍጥነት እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው። አንደኛው ሸክላ ለሰው ሲሰማ ሁለተኛውን ለብቻው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ ምታቸው ሲገጥም ቀስ አድርጎ ያስገባዋል። በጣም ካፈጠነው ግን የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የማንኛውም ዘፈን ምት ከማንኛውም ጋር አይገጥምም። ዛሬ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራዋል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ መምረጡ ግን አሁንም የሰው ነው። እኔም ሰዓቴን አውጥቼ የልብ ምት እንደምቆጥር 15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 አባዛሁ። የጭፈራ ቤት ሙዚቃ በአብዛኛው በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ይመታል፤ ያረፈ ጎልማሳ ልብ ደግሞ ከ60 እስከ 100። ልጆቹ «ያነቃል» ሲሉ፣ ሽማግሎቹ «ያደክማል» ሲሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

አምስተኛው በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ 74 ዓመታቸው። እሳቸው ገና የአልበሙን ነገር ስነግራቸው፣ ሳይሰሙት «ሲስተር፣ ይሄ ሌብነት ነው። ሌላው ደክሞበት ዘፈነ፤ እነዚህ ቆራርጠው ሸጡ» አሉኝ። ባለቤቴ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ እርስዎስ ስንቱን ካሴት ቀድተው ሸጠዋል?» አላቸው። ሳቁና «እኮ! ስለማውቀው ነው የምናገረው» አሉ።

ጥያቄያቸው በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለው ድብልቅ በብዛት የሚዞረው ያለ ፈቃድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። እነዚህ ወንድማማቾች ግን አልበሙን በይፋ ለመሸጥ ፈቃድ ለመኑ። ራሳቸው እንደገለጹት 865 ኢሜይልና 160 ፋክስ ልከዋል፤ 187 ዘፈኖችን ጠይቀው 114 ተፈቀደላቸው፤ 62 ተከለከሉ፤ የ11ዱ ባለቤት ጨርሶ አልተገኘም። ይህን ለጋሼ ሳነብላቸው ዝም አሉ። ቀጥለውም «62ቱን ትተዋቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። የተከለከለው ሳይገባ የተፈቀደው ብቻ በስሙ ተዘርዝሮ ሽፋኑ ላይ አለ። ሽፋኑን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ በኋላ ነው «እስቲ ክፈቺው» ያሉት።

ጋሼ የሚቆጩበት ምክንያት አላቸው። የእኛም ሙዚቃ በዚሁ መንገድ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ ተከታታይ አልበም የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሸክላዎቻችንን ለውጭ ሰው ጆሮ አደረሰ። ኦ ኖ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቁርጥራጮች አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሌ «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈን በሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ላይ ተመሥርተው አወጡ። ያን የሰማ የእኛ ልጅ ደረቱን ይነፋል፤ መንፋቱም ደግ ነው። ግን ደረታችንን ስንነፋ የጋሼን ጥያቄ አንርሳ፦ ተጠይቋል ወይ? ስሙ ተጽፏል ወይ? ተከፍሎታል ወይ? ለዚህ በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ድብልቅ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ለቤት ጨዋታና ለትምህርት በሚሠራውና ለገበያ በሚያቀርበው መካከል ልዩነት እንዳለ ከአሁኑ ንገሩት።

ስድስተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ 72 ዓመቷ፣ የማኅበራችን ሴት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እጇን አነሣችና «ሲስተርዬ፣ ዝጊልኝ፤ ሁለት ሬዲዮ ባንድ ላይ የተከፈተ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። ዘጋሁት። እዚህ ላይ ግን ነርስነቴ ነቃ። «ማኅበር ላይስ ሰው ሲበዛ እንዲሁ ነው?» አልኳት። «እሱማ ከቆየ! ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚሉት ግን አይገባኝም» አለች።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ዕድሜ ሲገፋ ከጆሮ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ፊደላት በዚያ ክልል ይወድቃሉ። ሰውየው ንግግሩን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚመጡ ሁለት ድምፆችን መለየት ነው፤ ብዙ ሰው ባለበት ቤት የአንዱን ንግግር መከተል ያቅታል። አንዱ ዘፈን በሌላው ላይ የሚደረብበት አልበም ታዲያ ለእንዲህ ያለ ጆሮ ፈተና ነው። ጎረቤቴን አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ፤ ጆሮዋ በዕድሜ ምክንያት መድከሙ ታወቀ፤ የማዳመጫ መሣሪያም ታዘዘላት። ቤተሰቧ ለሁለት ዓመት «ኩራት ይዟታል፣ ሲጠሯት አትመልስም» ሲሏት ኖረዋል። ስለዚህ እናት ወይም አባት «ጫጫታ ነው» ሲሉ ልጆች «ዘመናዊ አይደሉም» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ጆሯቸውን አስመርምሩ። አንዳንዴ አስተያየት የሚመስለው ነገር የሕመም ምልክት ነው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው አባትና ልጅ ናቸው፤ 52 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜና የ17 ዓመት ልጁ። ልጁ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ማታ ማታ በላፕቶፑ ዘፈን ሲያደባልቅ አድሮ ጠዋት ትምህርት ቤት ያንቀላፋል። አባቱ አስጠነቀቀ፤ ሁለተኛ አስጠነቀቀ፤ በሦስተኛው ላፕቶፑን ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ልጁ ምግቡን ክፍሉ ይዞ ይገባል። እናቱ መሀል ቆማ መልእክት ታመላልሳለች፦ «አባትህ የትራንስፖርት ብር ይኸው ብሏል»፣ «ልጅህ ጫማው ተቀዷል»። የሥራ ባልደረቦቼ ያስታውሳሉ፤ በአንድ ክፍል ተኝተው የማይነጋገሩ ሁለት ሕመምተኞች ሁለቱም ቶሎ አያገግሙም።

ሁለቱም እሑድ ቤቴ ለምሳ መጡ። አንዱ ሶፋው ላይ፣ አንዱ በረንዳው በር ላይ። አልበሙን ከፈትኩ። ወንድሜ ጋዜጣውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ልጁ ስልኩን ያያል። ብዙ ዘፈን አለፈ። ኋላ የዶሊ ፓርተን ድምፅ ብቅ አለ። ጋዜጣው ዝቅ አለ።

«እታለም፣ ይቺ ዶሊ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

ወንድሜ ኮሌጅ ሳለ የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ካሴት ከእጁ አይወጣም ነበር። ባዶ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ይገዛና የዘፈኖቹን ዝርዝር በቅደም ተከተል ጽፎ ሙዚቃ ቤት ወስዶ ያስቀዳ ነበር። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ሲያሰላ ያመሽ እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ። አሁን የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ግን ሌላ ነው።

«ሙዚቃዋ የት ሄደ? ድምፅዋን ብቻ እንዴት አወጡት?» አለ። የጠየቀው እኔን ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴም ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከበረንዳው በር «አንዳንዴ ድምፁ ብቻውን የተቀዳ አለ፤ ከሌለ ደግሞ ሙዚቃው ሳሳ ያለበት ቦታ ተፈልጎ ነው» የሚል መልስ መጣ። ወንድሜ ዞር ሳይል «ፍጥነቱስ?» አለ። ልጁ ሁለት እርምጃ ገባ። ፍጥነቱንም አስረዳ፤ ሁለቱ ዘፈኖች በድምፅ ቅኝት ካልተስማሙ ጆሮ እንደሚጎረብጥም ነገረው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አወሩ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ላፕቶፑ አንድም ቃል አልተነሣም።

ላፕቶፑ እስካሁን እንደተቆለፈ ነው። ፈተናው እስኪያልፍ እንዲቆይ ተስማምተዋል፤ «ተስማምተዋል» የሚለውን ቃል ነው ልብ የምትሉልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ አንድ አሮጌ ካሴት በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ልጁ ጀርባው ላይ በአባቱ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈውን ዝርዝር ሲያነብ አየሁት። «አባዬ፣ ይቺን ከዚች ቀጥለህ ለምን አደረግካት?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ደብተሬን ስዘጋው ከስምንቱ አራቱ ወደዱት፣ ሦስቱ አልወደዱትም፣ ጋሼ «አከብራቸዋለሁ፣ አልሰማቸውም» ብለዋል። ለእኔ ቁጥሩ ብዙ አይነግረኝም። የነገረኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በማስታወስ ነው። ከተደባለቁት አንዱን እንኳ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሰው ባዕድ አገር ላይ እንዳገኘ ይደሰታል፤ አንዱንም የማያውቅ ሰው ቅልቅሉ ላይ ያለ ዘመድ የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ቶሎ ይደክመዋል። «ይሄ ዘፈን ነው?» ብለን የምንጣላው ብዙ ጊዜ አንዳችን ያለንን ትዝታ ሌላው ስለሌለው ነው። ትዝታን ደግሞ በቁጣ ማካፈል አይቻልም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃችሁን «ምንድን ነው ይሄ?» ከማለት «ከዚህ ውስጥ የምታውቀው የቱን ነው? ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም አንድ የምታውቁት ድምፅ ብትሰሙ ዝም አትበሉ፤ የት እንደሰማችሁት ንገሩት። ካልወደዳችሁት አልወደድኩትም ማለት መብታችሁ ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልወደደውም፣ ቤታችንም አልፈረሰም።

ልጆች ደግሞ ከእኔ አንድ ነገር ስሙኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ያሉ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ድምፅ አብዝቶ በመስማት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል። 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት ቢሰማ የጆሮ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ስልካችሁ እስከ ጥግ ሲከፈት በጆሮ ማዳመጫ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ትንንሽ የመስሚያ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ድብልቅ ሙዚቃ ደግሞ በዘፈንና በዘፈን መካከል ዝምታ ስለሌለው ጊዜው ሲሄድ አያስታውቅም። እናንተው ዝምታውን ፍጠሩለት፤ በየሰዓቱ ንቀሉት። ከነቀላችሁት በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ከቀረ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሚቀጥለው ቀንም ካልጠፋ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደግሞም ከተቻለ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙትን አንዳንዴ በስፒከር፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት ክፈቱት። ለጆሯችሁም ይሻላል፤ በረንዳው በር ላይ የቆመውም ሰው ይሰማዋል።

እስከ ሳምንት ጤና ይስጥልኝ።